እናቴ አሜን ያለችበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ቀለም ስትቀባ ሽታው አፍንጫዬን መታውና ሻይዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ምነው አባዬ፣ አመመህ?» አለችኝ። የዛሬ ልጆች አንቱታ የሚባል ነገር አያውቁም፤ እኔም መቆጣቱ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። አላመመኝም። እኔን የሸተተኝ የጥፍር ቀለም ሳይሆን የስቴንስል ማረሚያ ነው። ይህን ዛሬ የሚያውቅ ማን አለ? በእኛ ጊዜ ጽሑፍ የሚባዛው ሰም በተቀባ ወረቀት ነበር። ጸሐፊዋ በታይፕ ትመታዋለች፤ ስትሳሳት ከትንሽ ብልቃጥ ቀይ ቅባት በብሩሽ ትነካና እፍ ትልበታለች፤ ሲደርቅ መልሳ ትመታበታለች። ያ ቅባትና የልጅቷ ቀለም ሽታቸው ቁርጥ አንድ ነው። የክፍላችን ኮሪደር ከጠዋት እስከ ማታ እሱን ነበር የሚሸተው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ የፕሮፌሰሩን ትምባሆ።

ክፍላችን ማለቴ የፖለቲካ ትምህርት ክፍል ነው። ፎቅ ላይ፣ በስተግራ፣ መስኮታቸው ወደ ጥዶቹ የሚያይ ጥቂት ቢሮዎች ነበሩን። ረዳት መምህር ሆኜ ስቀጠር ያለኝ አንድ ሙሉ ልብስ ነው፤ ፒያሳ አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፋሁት ግራጫ ጋባርዲን። ክራቫት ያን ጊዜ ቀጭን መሆን ነበረበት፤ ሰፊ ክራቫት ያሰረ ሰው አዲስ መጤ ነው ተብሎ ይሳቅበታል። ጠዋት ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ እወጣለሁ፤ ለአውቶቡስ የሚሆን ሳንቲም አጥቼ አይደለም፣ ጫማዬን ሰው እንዲያይልኝ ነው። አደባባዩ ጥግ ላይ ማኪያቶ በስሙኒ የምትሸጥ ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቱ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ጠዋት አንድ የናፍቆት ዘፈን ያስቀምጥና እስከ ምሳ ድረስ እሱኑ ነው። መርፌው ስላለቀ ዘፋኙ «ናፈቅሽኝ» ሊል ሲል ይደናቀፋል፣ እኛ ጠጪዎቹ እንጨርስለታለን። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ባንክ ቆሟል። ሌላ ምን ሊቆም ኖሯል።

የክፍሉ ኃላፊ ረጅም፣ ሽበታም ፈረንጅ ነበሩ። ፕሮፌሰር እንላቸው ነበር፤ እኔም እዚህ ከዚያ አላልፍም። ፒፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ሰው ለምን ይታዘዛል?» ብለው ሰሌዳው ላይ ይጽፉና ደወሉ እስኪደወል እሱኑ ሲያገላብጡ ይውላሉ። ፈርቶ ነው? ለምዶ ነው? ወይስ ተስማምቶ? የፈረንጅ ፈላስፎች እንደሚሉት ሰዎች አንድ ቀን ተሰብስበው፣ ተማክረው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ራሳቸውን ለአንድ ሥልጣን አስረዋል። ያን ቀን ግን ያየ ሰው የለም፤ ፕሮፌሰርም ሲጠየቁ «ምሳሌ ነው» ይላሉ። እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ፤ ምሳሌ አልጥምህ አለኝ። እኛ አገር የመንደሩ ጭቃ ሹም ከየአባቱ ልጆች በተራ ሲወጣ፣ ርስት በዘር ሲቆጠር፣ ነገር በዋርካ ሥር ሲዳኝ ነው ያደግሁት። «ሄጄ ልጠይቃቸው» አልሁ። «የስማዳና የጋይንት ገበሬ ለምን እንደሚታዘዝ ከራሱ አፍ ልስማ።» ፕሮፌሰር ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። ደስ ሲላቸው እንዲያ ነው። ጥናቱ ከተሳካልኝ ውጭ አገር ለከፍተኛ ትምህርት እንደሚልኩኝም ያን ዕለት ነገሩኝ።

«አንድ ነገር ግን አደራ» አሉኝ። «የማን ልጅ እንደሆንህ አትንገራቸው። ዘመድ መሆንህን ካወቁ የሚነግሩህ አንተን ደስ የሚያሰኝህን ነው። ተመራማሪ ከየትም ያልመጣ ሰው መሆን አለበት።» የጥናት ዘዴ መጽሐፉም እንዲያው ነበር የሚለው። እንግዲህ ስማዳ ውስጥ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጥሮ የማይመልስ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ የመንግሥት ሰው፤ ሦስተኛ ዓይነት የለም። ይህን መጽሐፉ አልጻፈውም፣ የጻፈውም ሰው ስማዳን አላያትም። ጥያቄዎቹን ስቴንስል ላይ የመታችልኝ የክፍሉ ጸሐፊ ወይዘሪት አልማዝ ናት። ጨርሳ ብሩሿን እንደያዘች ጮክ ብላ አነበበችው። «ጭቃ ሹማችሁን ማን ሾመው? የያዛችሁትን ርስት ማን ሰጣችሁ? ትእዛዝ ብትጥሱ ምን ይደርስባችኋል? እንዴ፣ ይህን አባቴን ብትጠይቀው በዱላ ነው የሚሸኝህ» አለችኝ። ሳቅሁባት። አባቷ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ የእኔ አገር ሰው ይለያል ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ በአውቶቡስ የሚኬደው እስከ ደብረ ታቦር ነው። ጣሪያው ላይ የጨው ከረጢት፣ ዶሮ፣ አንዳንዴም ሰው ይጫናል፤ ዓባይ በረሃ ላይ ሾፌሩ መሪውን ሲያጥፍ ካህኑም ወታደሩም እኩል ያማትባል። ከደብረ ታቦር ወዲያ በቅሎ ነው። መካነ ኢየሱስ ዐረፍ አልሁ፤ በዚያ ዘመን ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ዛሬ ሣር ቤት ፈልጎ ማግኘት ነው ጭንቁ። ወንዱ ተፈሪ ሱሪ ለብሶ በላዩ ጋቢ ይደርባል፤ ሴቶቹ ጥልፋቸው ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ቀሚስ ለብሰው ጃንጥላ ይዘው ሲሄዱ ያምሩ ነበር፣ አሁን ሳስበውም ያምራሉ። ከዚያ በበቅሎ ሽቅብ ቁልቁል ብዬ ወደ ታች ጋይንት ተሻገርሁ። የእናቴ ቤት ስማዳና ታች ጋይንት ከሚዋሰኑበት ነው፤ አርብ ገበያ ደግሞ የቤታችን ገበያ ናት። ሐሳቤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቄ፣ ሥራዬን አጋምሼ፣ ከዚያ እናቴ ቤት ድንገት ከች ልል ነበር። ካየችኝ ብዙ ዓመት ሆኗታል። በልጅነቴ ለትምህርት ከወጣሁ ወዲህ የተመለስሁት ለአባቴ ተዝካር ብቻ ነው፤ ያኔም መነጽር አልነበረኝም።

አርብ ገበያ የገባሁት በገበያው ቀን ነው። ገበሬው አህያውን እየነዳ ከየሸንተረሩ ይፈሳል፤ ጤፉ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ የሸማኔው ጋቢ። ጨርቅ ነጋዴው አያ ይማም ከሱቃቸው በስተኋላ ያለች ክፍል ሰጡኝ። በከተማዋ ካሉት ጥቂት የእስላም ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነው። አቡጀዴው፣ ካኪው፣ ባለ አበባው ሻሽ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ሱቁ አዲስ ጨርቅ ይሸታል። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ እሳቸውም። «ከዩኒቨርሲቲ ነኝ» አልኋቸው። «እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጨርቃቸውን በክንዳቸው መለካት ቀጠሉ። እኔም ወረቀቴን ይዤ ሽማግሌዎቹ ወደ ተቀመጡበት ዋርካ ወረድሁ።

«ጭቃ ሹማችሁን ማን ሾመው?» አልሁ።

«ጃንሆይ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«በየዓመቱ በተራ ከየቤቱ ይወጣ የለም እንዴ?»

«ጃንሆይ ያውቃሉ።»

«ርስታችሁንስ ማን ሰጣችሁ?»

«ዕድሜ ይስጣቸው።»

«ትእዛዝ ብትጥሱ ምን ይደርስባችኋል?»

«ጥሰን አናውቅም» አሉና በበቅሎዬ ጭነት ላይ ዐይናቸውን ጣል አደረጉ። «ገመዱን የት አስቀመጥኸው?»

የምን ገመድ እንደሚሉ አልገባኝም፤ ጭነት የማስርበት መስሎኝ «ቤት አለ» አልኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ያን ሰሞን መሬት በቀላድ ሊለካ ነው፣ የተለካ ርስት ደግሞ ለባለቤቱ አይመለስም የሚል ወሬ በየገበያው ይናፈስ ነበር። ቀላድ ማለት የመለኪያው ገመድ ነው። እኔ ስድስት ኪሎ ሆኜ ከየት ልሰማ? ስሙን የማይናገር፣ ዘሩን የማይቆጥር፣ ዐይኑን በመስተዋት የሸፈነ፣ ርስት የሚጠይቅ፣ ገመዱንም ቤት ያስቀመጠ ሰው ሆኜ ከዋርካው ሥር ተነሣሁ። ቅዳሜንና እሑድን ክፍሌ ዘግቼ የሰጡኝን መልስ ስገለብጥ ዋልሁ። ሁሉም «ጃንሆይ» የሚል መልስ ነው፤ እኔ ግን ኮርቼበት ነበር።

ሰኞ ወደ እናቴ አቀናሁ። ለእሷ አንድ ፋኖስና ሽቶ ሳሙና ገዝቻለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ከመንገዱ ወጥቶ እርሻ ውስጥ ይገባል። ጤና ይስጥልኝ ብል የሚመልስ የለም። አገሩ ደኽይቶ ሰላምታውንም ጨረሰው ወይ አልሁ ለራሴ። እናቴ ደጅ ቆማ ጤፍ ስታነፍስ ደረስሁ። ቀና ስትል መጀመሪያ መነጽሬን ነው ያየችው፤ ፊቷ ተኮማተረ። ከዚያ አረማመዴን አየች መሰለኝ፣ አባቴ ሲራመድ ወደ ግራ ዘንበል ይል ነበር፣ እኔም እንዲያው ነኝ። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «እምዬ» አልኋት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልስማት ስጠጋ ወደ ኋላ ሄደች። ወንድሜ ደሴ ከቤት ወጣ፣ አየኝ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። «ማን ሞተ?» አልሁ። «ደሴ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ምነው?» ደሴ መሬት መሬት ያያል፤ እናቴ ድምፅ ሳታወጣ ታለቅሳለች። ደጁ ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀመጥሁ። ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ተቀመጥሁ፤ ውሃ እንኳ የሚያቀብለኝ ጠፋ። እኔ በተወለድሁበት ቤት። በመጨረሻ እናቴ እጇን ዘርግታ የመጣሁበትን መንገድ አሳየችኝ። ፋኖሱንና ሳሙናውን ድንጋዩ ላይ ትቼ ተመለስሁ።

አያ ይማም ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ደሴ በአቋራጭ ቀድሞኝ መጥቶ ነገሩን ሁሉ ነግሯቸው ሄዷል፤ እሱ ለእኔ መናገር ስለማይችል እሳቸው እንዲነግሩኝ ነው። «የጥሩነሽ ልጅ ነህ?» አሉኝ። «ነኝ።» «ምነው አርብ ለት ብትነግረኝ ኖሮ» አሉና ዳቦና ማር አስቀርበው ይነግሩኝ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜውን በየደብሩ ልከዋል። በእኛም ደብር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ መምሬ ተሰማ መስቀላቸውን አውጥተው ሕዝቡን በግዝት አስረዋል። ስሙንና ዘሩን የደበቀ፣ ዐይነ መስተዋት ያደረገ፣ ስለ ርስት የሚጠይቅ ሰው አገራችን ገብቷል፤ ለእሱ ቃል የሰጠ፣ እሳት የጫረ፣ ውሃ ያቀበለ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን ብለዋል። ሕዝቡም አሜን ብሏል። «እናትህ ከሁሉም ጮክ ብላ ነው አሜን ያለች አለኝ ደሴ» አሉኝ። «አዲስ አበባ ያለው ልጄ ድርሻው እንዳይወሰድበት ብላ ነው። አንተ መሆንህን ማን ያውቃል።» ዳቦውን መልሼ አስቀመጥሁት። «ብላ» አሉኝ፤ «እኔ እስላም ነኝ፣ የመምሬ ግዝት አያገኘኝም። ከእኔ ቤት በቀር ግን በዚህ አገር ቃል የሚሰጥህ አታገኝም።»

በማግስቱ ወደ መምሬ ተሰማ ሄድሁ። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የተመሰከሩ፣ ድምፃቸው ከተራራ ተራራ የሚሰማ፣ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንደሌሎቹ ዘወር ይላሉ ብዬ ስፈራ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «የገዘትሁት እኔ ነኝ፤ ለነፍስ ጉዳይ የመጣን ሰው ካህን ያናግራል» አሉኝ።

«አባቴ፣ እኔ የመሬት ሰው አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ።»

«አሁን አወቅሁ። እሑድ ግን አላወቅሁም፤ አንተም የማን ልጅ መሆንህን አልተናገርህም።»

«እንግዲህ ካወቁ ይፍቱት። ለእናቴ ብቻ እንኳ ይፍቱላት።»

መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት። «ለእናትህ ብፈታ ነገ የዘለቀ እናት ትመጣለች» አሉ። «የእሷ ልጅ ደብረ ታቦር ግብር ቤት ጸሐፊ ነው። ከነገ ወዲያ የሌላይቱ ትመጣለች፣ የእሷ ወታደር ነው። ገመድ ያዡም ቢሆን የአንዲት እናት ልጅ ሆኖ ነው የሚመጣው። ለማን ፈትቼ ለማን አስራለሁ?»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?»

«ወሬው እስኪበርድ። ለፋሲካ ሕዝቡን ሰብስቤ እፈታዋለሁ፤ ቃሌ ነው። አንተ የተማርህ ልጅ ነህ፣ ይገባሃል። የዚህ ሕዝብ ጠመንጃ መንግሥትን አያስፈራም፤ ገንዘቡም ለዳኛ አይበቃም። ያለችው ነገር አብሮ ዝም ማለት ናት። እሷን አላስጥለውም።»

ምን ብዬ ልከራከር? ፕሮፌሰር ምሳሌ ነው የሚሉትን፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በገዛ ፈቃዱ ራሱን ያሰረበትን ቀን ፍለጋ አልነበር የመጣሁት? ቀኑ እሑድ ኖሯል። ቦታውም የእኛ ደብር ነው። እኔ ደግሞ የውሉ ጠላት ሆኜ አረፍሁት። ተናደድሁ፤ መምሬን ግን መጥላት አልቻልሁም፣ እስከ ዛሬም አልቻልሁም።

አርብ ሲደርስ እናቴ ገበያ መጣች። የአያ ይማም ሱቅ ውስጥ፣ ከካኪው ጥቅል አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ገባችና ወደ እኔ ሳታይ ሻሽ ታገላብጥ ጀመር።

«አያ ይማም፣ እንደምን ሰነበቱ» አለች። «ቤትዎ እንግዳ አለ አሉ። ይበላል?»

«ይበላል እመት ጥሩነሽ። ዳቦ ይበላል።»

«ማር በባዶ ሆዱ አይስጡት። ልጅ ሆኖ ሆዱን ይቆርጠው ነበር።»

አያ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «ማር በባዶ ሆድህ አትበላም ተብለሃል።»

«ዐይኑን ምን ሆኖ ነው?» አለች ሻሹን ወደ ብርሃን አንሥታ።

«በንባብ ብዛት ደክሞ ነው ይበሉልኝ» አልሁ።

«በንባብ ደክሞ ነው ይላል።»

«እስቲ ያውልቀውና ፊቱን ልየው።»

መነጽሬን አወለቅሁ። ያለ መነጽር ደግሞ እኔ ምንም አላይም። ፊት ለፊቴ አንድ ነጭ ነገር ቆሟል፤ ነጠላዋ መሆኑን አውቃለሁ፣ ፊቷ ግን ጉም ነው። እንዲያ ሆኜ ጠበቅሁ። መልሼ ሳደርገው ሄዳ ነበር፤ ሻሹ መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ምን ያህል እንዳየችኝ፣ ምን መስዬ እንደታየኋት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። እሑዱን ለመምሬ ተሰማ ተናዝዛ ኖሯል፤ በእስላም አፍም ቢሆን ቃል ቃል ነው ብለው የስግደት ቀኖና ሰጥተዋታል። ቀኖናውን አልፈራችውም። የፈራችው ሌላ ነው፤ ደሴ ለአያ ይማም እንደነገራቸው፣ ግዝቱን ብትጥስ ጦሱ በእሷ ሳይሆን በእኔ ላይ የሚወጣ ይመስላታል። አውቃት የለ፣ ለራሷ ቢሆን ገና ያን ሰኞ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነበር። ፋሲካ ሩቅ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናንቼ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ።

ፕሮፌሰር ነገሩን ሲሰሙ ፒፓቸውን ከአፋቸው ማውጣት ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይህ ወርቅ ነው» አሉኝ። «ማን እንደገዘተ፣ በየትኛው ደብር፣ በምን ቃል፣ ሁሉንም ጻፈው።» አልጻፍሁትም። የክፍላችን ጥናት ታትሞ በየሚኒስቴሩ ይላካል፤ ገመድ ይዘው ሊወጡ ያሰቡ ካሉ የመምሬ ተሰማን ስም ከእኔ ወረቀት ላይ ሊያነቡት ነው። ቢከፋቸውም ምክንያቱን ነግሬያቸው ተረዱኝ፤ ደግ ሰው ነበሩ። ውጭ አገር ሌላ ልጅ ሄደ። እኔ ስለ ፈረንጅ ፈላስፎች የስምምነት ሐሳብ ደረቅ ያለ ነገር ጽፌ በዚያው ረዳት መምህር ሆኜ ቀረሁ፤ ኋላም እሱኑ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። ተማሪዎቹ እየተለዋወጡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «መምህር፣ ሰው በእውነት ተስማምቶ ያውቃል?» ምዕራፍ ሁለትን አንብቡ እላለሁ። መጀመሪያ በደብተር ይጽፉት ነበር፣ በኋላ በስልክ ያነሡት ጀመር፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ ግን መልሱ የለም።

ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ መምሬ ተሰማ በተስቦ ሞቱ። ወሬው ሲደርሰኝ ስቴንስል እያነበብሁ ነበር፤ ምን እንዳነበብሁ አላውቅም። ሄድሁ። በእሳቸው ቦታ የተተኩት መምሬ ፈንታ ወጣት ናቸው። «ያሰሩት እሳቸው ናቸው፤ ያሰርሁት እኔ ብሆን በፈታሁት» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። ደብረ ታቦር ወጥቼ የአገሩን ካህናት አለቃ ለመንሁ። እሳቸው ሳቁ እንጂ አልጨነቃቸውም፤ «ይህማ በእኛ ሥልጣን ያልቃል» ብለው አንድ መነኩሴ ላኩ። መነኩሴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መካከል ቆመው ግዝቱ ተፈትቷል አሉ። አሜን የሚል ጠፋ። ንቀት አይደለም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ደብረ ታቦር ስለ እኛ ግዝት ምን አገባው፣ ይህ የገመዱ መንገድ መጥረጊያ ነው ብለው በልባቸው ጨርሰዋል። መነኩሴው ደግመው አሉ። አሁንም ዝም። በቅሏቸውን አስጭነው ተመለሱ፣ እናቴም ከሴቶች በኩል ተነሥታ ወደ ቤቷ ገባች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዓመት በመጣ ቁጥር እሄድ ነበር። አያ ይማም ዘንድ አርፋለሁ፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል እናቴን አያታለሁ፣ እሷም ታየኛለች። ወሬው ቀዝቅዞ ነበር፤ ገመድ የያዘም አልመጣም። ሰዉ ግዝቱን በየሰበቡ ለቀቀው፤ አንዱ ለቅሶ ላይ አናገረኝ፣ ሌላው ሲሰክር። ደሴም አንድ አርብ ገበያ መካከል መጥቶ «በቃኝ፣ ከፈለገ ይቅሰፈኝ» ብሎ ሳመኝ። ከእናቴ በቀር ያልተወው የለም። እናንተ ሞኝነት ትሉት ይሆናል። እኔ ብዙ ዓመት መንግሥት ሲወጣና ሲወርድ፣ ሰው የማለበትን ሲክድ አይቻለሁ፤ ቃሏን እንደ እሷ የያዘ አላየሁም፣ ለእኔም የጠቀመኝ ነገር የለም። ኋላማ ርስት የሚባለው ነገር ራሱ፣ ያ ሁሉ ዝምታ የተዘመተለት ድርሻዬ፣ በአንድ ቀን አዋጅ ቀረ። ገመድ እንኳ አላስፈለገውም። ያን ሳታይ ነው የሞተችው፤ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ።

መታመሟን አያ ይማም በአውቶቡስ ሾፌር ልከው አሰሙኝ። በሕይወት ደረስሁባት። መደቡ ላይ ተጋድማ፣ ገላዋ አልቆ ዐይኗ ብቻ ቀርቷል። መምሬ ፈንታ አጠገቧ ነበሩ። «እመት ጥሩነሽ፣ ለሞት የቀረበን ሰው መፍታት ለእኔም ይቻለኛል። ልፍታዎና ልጅዎን ያነጋግሩ» አሏት። ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው?»

«እኔስ እሄዳለሁ» አለቻቸው። «ያሰሩት ሰው ሳይፈቱት ባናግረው በእሱ ላይ ይወጣል። እሱ ይኑርልኝ።»

እኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ለእሳቸው ነው የነገረቻቸው። እጇን ያዝሁ፤ እጅ መያዝ በግዝቱ ቃል ውስጥ አልነበረም፣ አልከለከለችኝም። እንዲያ ዋልን። እኔ ብዙ ነገር አወራኋት፤ ስለ ቢሮዬ፣ ስላገባኋት ሴት፣ አያቷን ስለምትመስለው ሕፃን። ሕፃኗ ላይ ስደርስ እጄን ጨበጥ አደረገችው። በማግስቱ ዐረፈች።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ፍትሐት ሲደረግላት መምሬ ፈንታ በግዕዙ አነበቡ፤ ሙት ከካህን ግዝት፣ ከመሐላ፣ ከማንኛውም ማሰሪያ እንድትፈታ የሚለምን ጸሎት ነው። የሞተ ሰው አይሆንም አይል፣ ፈቃዱ አይጠየቅ። ደሴ በሰዉ መካከል ገፍቶ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ ፊቱ እንባ ነው፣ ደስታም አለበት።

«ሰማህ? ተፈታች እኮ» አለኝ። «አሁን ብታናግርህ ምንም የለባትም።»

ቀረብ አልሁ። ፊቷ በአቡጀዴ ተገንዞ፣ በላዩ ሰሌኑ ከራስጌ እስከ ግርጌ ታስሮ ነበር።